የኢሉባቡር ማርና የቻይናዎቹ ዶሮ

መቱ የገባሁት በዝናብ ነው። ኢሉባቡርን ለሚያውቅ ሰው ይህ ወሬ አይሆንም፤ በዚያ መንገድ ዝናብ ያላገኘው ሰው ቢኖር ነው የሚያስገርመው። ወሬ የሚሆነው ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ነገር ነው። ሁለት ጠርሙስ ሶያ ሶስ በጋዜጣና በሹራብ ተጠቅልሎ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ አብሮኝ ተጉዟል። ያዘዘኝ የእህቴ ልጅ ነው። «አክስቴ፣ ልብስም ብስኩትም እንዳታመጪ። ሶያ ሶስ ብቻ!» ብሎ ነበር በስልክ።

ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ፣ መንገድ የሚሠሩ ቻይናውያን ካምፕ ውስጥ የወጥ ቤት ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ሽንኩርት ከመላጥ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እሳት ፊት እስከ መቆም ደረሰ። መንገዱ ሲያልቅ ካምፑ ተነቀለ፤ ማሽኑም አብሳዩም ሄዱ። እሱ እጅ ላይ የቀረው አንድ ሰፊ ቢላና አንድ የዶሮ አሠራር ነው። አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው በኩል፣ ተማሪ በሚበዛበት ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይህን ዶሮ ሊሸጥ አስቧል። እህቴ ደግሞ የዕቁብ ተራዋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ብሩን ለልጇ ትስጠው ወይስ የቤቱን ጣሪያ ታስጠግንበት እያለች ታመነታለች። እኔን የጠሩኝ ለዚህ ነው። ታዛቢ ልሁን ዳኛ ግን ማንም አልነገረኝም።

ዶሮው ምንድን ነው ላላችሁ፣ በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግና በሆንግ ኮንግ በኩል «ቻ ሲዩ» የሚሉት ጥብስ አለ። ስሙ በሹካ የተጠበሰ እንደ ማለት ነው፤ ሥጋውን በረጅም ሹካ ወግተው እሳት ላይ ያንጠለጥሉት ስለነበር። ሥጋው በሶያ ሶስ፣ በጣፋጭ ነገርና በቅመም ተዘፍዝፎ ያድርና ሲጠበስ ደጋግሞ ይቀባል። ሲወጣ ቀላ ብሎ፣ ላዩ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። በአገሩ የሚሠራው ከአሳማ ሥጋ ነው። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አሳማ በማይቀምስበት አገር ይህ የማይታሰብ ስለሆነ፣ በካምፑ ለአበሻው ሠራተኛ በዶሮ ይሠሩለት ነበር። ልጁ የተማረው ይህንኑ ነው።

ወደ መቱ የሚወስደውን መንገድ ለማያውቁት ትንሽ ልበል። ጅማን፣ ከዚያ አጋሮን አልፎ በደሌ ይደረሳል። በደሌ ለብዙ ሰው የቢራ ስም ነው፤ ከተማዪቱ ግን ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጅማና ወደ መቱ የሚሄዱ መንገዶች የሚገናኙባት፣ ሾፌር ሁሉ ምሳ የሚበላባት ቦታ ናት። ከበደሌ በኋላ መንገዱ ወደ ገባ ወንዝ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ሲወጣ ያዩ ነው። እዚህ ጋ እንቅልፍ የያዘው መንገደኛም ይነቃል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ብርሃኑ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ማንም ያልተከለው የሚመስል ቡና ቆሟል። የያዩ የቡና ደን 167,000 ሄክታር ገደማ ሲሆን በ2002 ዓ.ም. ከከፋ ጋር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። በዚሁ በያዩ መሬት ሥር የድንጋይ ከሰል አለ። በእሱ ላይ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ስንት ዓመት ሲወራለት ቆይቶ ሳያልቅ መቅረቱን አንባቢ ያስታውሳል። ከላይ ቡና፣ ከታች ከሰል የሆነበት መሬት ዕረፍት የለውም።

ቀና ብሎ ላየ ከዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ የተጋደሙ በርሜል መሳይ ነገሮች ይታያሉ። ቀፎዎች ናቸው፤ በኦሮምኛ ጋጉራ ይባላሉ። ያን ቀን በመስኮት እያየኋቸው ሳልፍ፣ የመጣሁበት የዶሮ ጉዳይ መጨረሻው እነሱ ጋ እንደሚያደርሰኝ አላሰብኩም።

እህቴ ቤት የባለቤቷ እናት አብረው ይኖራሉ። የልጅ ልጆቻቸው «አኮ» ይሏቸዋል፤ በአካባቢው ኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኔም አኮ እላቸዋለሁ። ሰማንያን ያለፉ፣ ዶሮ ሲገነጣጥሉ አንድ ብልት የማይስቱ ሴት ናቸው። የልጁን ሐሳብ ሲሰሙ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዶሮን በማር? ልጄ፣ አዲስ አበባ እንዲህ ያደርጋሉ?»

«አይ አኮ፣ ቻይናዎች ናቸው።»

«እነሱስ ይሁን። ማር ለብርዝ፣ ዶሮ ለወጥ ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው?»

እውነት ለመናገር እኔም ከአኮ ጋ ነበርኩ። እኛ ሥጋን ከቅቤና ከበርበሬ ጋ እንጂ ከጣፋጭ ጋ አናውቀውም። ዶሮማ ክብር አለው፤ አሥራ ሁለት ብልት ተቆጥሮ፣ ለማን ምን እንደሚወጣ ታውቆ የሚቀርብ የበዓል ምግብ ነው። ልጁ ግን ያን ምሽት ማንንም አልሰማም። ከገበያ አንድ የአበሻ ዶሮ ገዛ፤ በመንገድ ዳር ከሚሸጠው ማርም አንድ ጠርሙስ። በካምፑ እንደተማረው ሶያ ሶሱን፣ ማሩን፣ ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን አንድ ላይ አዋህዶ፣ ብልቶቹን ዘፍዝፎ፣ ከሰል ምድጃ ላይ ፍርግርግ አድርጎ ደረደራቸው።

ዐሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ቤቱ ጭስ ሆነ። ማሩ ከሰሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ነበልባል ይነሣል፣ ዶሮው ይጠቁራል። አወጣው፤ ላዩ እንደ ከሰል፣ ጭኑ አጥንቱ አካባቢ ደም። ፍርንባውን እኔ ሞከርኩት፤ ከጥርሴ ጋ ታገለ። ትንንሾቹ ልጆች ሳቁ። አኮ አልሳቁም። «የተቃጠለ ጎጆ ይሸታል» ብለው ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ገቡ። እህቴ ዕቃውን ማንሳት ጀመረች። ልጁ ምንም ሳይበላ፣ ጃኬቱን እንኳ ሳይለብስ በዝናቡ ወጣ።

እኔ ምግብ ማብሰልን በሥራ ሳይሆን በፍቅር ነው የማውቀው። ግን ያን ሌሊት ተኝቼ ሳስበው ጥፋቱ የልጁ ሞያ ማነስ አልመሰለኝም። ካምፕ ውስጥ ምን ነበረው? እሳቱ የሚለካ ምድጃ። ከአዲስ አበባ በበረዶ የሚመጣ፣ በአርባና በሃምሳ ቀን ያደገ፣ ሥጋው ለስላሳ የፈረንጅ ዶሮ። ለቅብ ደግሞ ከቻይና በጣሳ የሚመጣ፣ ከእህል ብቅል የሚወጣ ወፍራም ጣፋጭ፤ ማልቶስ የሚባለው። እዚህ ግን ዶሮው ዓመት ሙሉ ግቢ ለግቢ ሲሮጥ የኖረ ነው፤ ጣፋጩም ማር ነው። ማርና ማልቶስ እሳት ፊት አንድ አይደሉም። በማር ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ፍሩክቶስ 110 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መጥቆር ይጀምራል፤ ተራ ስኳር 160 አካባቢ፣ ማልቶስ ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠብቃል። ከሰል እሳት ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። ስለዚህ ማሩ ጥፋት የለበትም፤ ቀድሞ ገባ እንጂ።

ጠዋት ይህንን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «አክስቴ፣ ማሩም ማር አልነበረም» አለኝ። ከጠርሙሱ ሥር የዘቀጠውን በጣቱ አውጥቶ አሳየኝ። እንደ አሸዋ ደንቆ ጥርስ ላይ የሚንቋቋ ስኳር ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልለይ። እውነተኛ ማርም ይረጋል፤ እንዲያውም ከኢሉባቡር ደን የሚወጣው ነጭ ማር ቶሎ ይረጋል፤ የረጋ ሁሉ ስኳር ነው የሚል ሰው ጥሩውን ጥሎ መጥፎውን ይገዛል። የሚለየው አፍ ላይ ነው፤ ማሩ እንደ ቅቤ ይሟሟል።

ማር ፍለጋ ወደ ጎሬ በኩል ሄድን፤ ልጁ በዚያ መንገድ አንድ ንብ አርቢ ያውቃል። ጎሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መንገዱ እየወጣ ይሄዳል፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ጭጋጉ ይወፍራል። ከጎሬ ብዙ ሳይርቅ የጉማሮ ሻይ ልማት አለ፤ ኮረብታው እንደ ተበጠረ ፀጉር ተስተካክሎ ይታያል። ጎሬ ዛሬ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። አንድ ጊዜ ግን እንዲህ አልነበረችም። ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቡርን ሲገዙ መቀመጫቸው ነበረች። ከዚያም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆና ቆይታ ነው ማዕረጉን ለመቱ የለቀቀችው። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ የቀረው መንግሥት መቀመጫውን ወደ እሷ አዙሮ ነበር፤ እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ በጣሊያን እጅ አልወደቀችም። የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት። የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች ሱቅ ነበራቸው፤ ቡናው፣ ቆዳውና ሰሙ በበቅሎ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ይወርድና ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር።

ሰሙን ልብ በሉልኝ። ባዕዱ ነጋዴ የሚፈልገው ሰሙን ነበር፤ ማሩ እዚሁ ጠጅና ብርዝ ሆኖ ቀረ። ሰሙ የጠጅ ጥማት ትርፍ ነው ማለት ይቻላል። ለዘመናት እንዲህ ከሄደ፣ ማሩ በዶሮ ላይ ይቀባ ሲባል አኮ መገረማቸው አይገርምም።

ንብ አርቢው ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው። ልጁ «አባ» እያለ ነው የሚያናግራቸው። ደጃቸው ላይ አንድ ያረጀ ቀፎ ተጋድሟል፤ ውስጡ ባዶ ነው፤ በጭስና በቅጠል ታጥኖ እንደገና ሊሰቀል የተዘጋጀ። ሲሰቅሉ ገመድ ይዘው ዛፉ ላይ ይወጣሉ፤ ማሩን ሲያወርዱ ደግሞ በሌሊት ነው፣ በጭስ። እኔ በቀን እንኳ ያንን ዛፍ ቀና ብዬ ሳየው አንገቴ ታመመ። ዋናው ማር የሚወርደው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። ሦስት ዓይነት አቀመሱን። የመጀመሪያው ነጭ፣ እንደ ረጋ ቅቤ ያለ፣ በኦሮምኛ ገተማ ከሚሉት ትልቅ ዛፍ አበባ የሚገኝ። ሁለተኛው ወርቅማ፣ ከብሳና። ሦስተኛው የጠቆረ፣ መጨረሻው ላይ መረር የሚል፤ ከግራዋ። ሦስቱም ማር ናቸው፤ ምላስ ላይ ግን ዘመድ አይመስሉም።

ዋጋ ሲጠየቁ ሰውየው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ ዛፉ አመለከቱ። ያ ዛፍ ለቡናው ጥላው በዝቷል፣ ይቆረጥ የሚሉ አሉ አሉን። ቡናው ብዙ ገንዘብ ያመጣል፣ ማሩ ግን ነጋዴ ያነሣው ዕለት ብቻ ነው ገንዘብ የሚሆነው። «ማሩን የሚፈልገው ሰው ከበዛ ዛፉ ይቆማል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ልጁ ሦስት ኪሎ ገዛ፤ አልተከራከረም። እኔ ልከራከር አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ሁለተኛውን ዶሮ እሑድ ሠራነው። አሠራሩን እንዳለ ልጻፈው፤ ቤት ውስጥ ምድጃ ለሌለውና የአበሻ ዶሮ ለያዘ ሰው የተስተካከለ ነው።

አንድ ዶሮ ከተገነጣጠለና በሎሚና በጨው በደንብ ከታጠበ በኋላ፣ ውኃ ከጣት የሚበልጥ ዝንጅብልና አንድ ሽንኩርት ተጨምሮበት በዝግታ ይቀቀላል። መንተክተክ የለበትም፤ ላዩ ብቻ ይንቀጥቀጥ። ለአበሻ ዶሮ አርባ ደቂቃ፣ ላረጀ ደግሞ አንድ ሰዓት። መረቁ አይደፋም፤ አኮ ያን ዕለት ገንፎ አገነፉበት፤ የቀኑ ምርጥ ምግብ እሱ ነበር የሚሉ በቤቱ አሉ። የፈረንጅ ዶሮ የያዘ ሰው ይህንን ይዝለለው፤ ሥጋው ይፈራርስበታል።

ለመዘፍዘፊያው አራት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አራት ፍንጭል ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብልና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይዋሃዳሉ። ጨው አይጨመርም፤ ሶያ ሶሱ ራሱ ጨው ነው። ቻይናዎቹ «አምስት ቅመም» የሚሉትን ዱቄት ይጨምራሉ፤ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ የእንስላል ፍሬ፣ ኮከብ የመሰለ አንድ ቅመምና አፍ የሚያደነዝዝ የእነሱ በርበሬ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን መቱ ገበያ አገኘናቸው። በሁለቱ ፋንታ ልጁ ኮረሪማና ጥምዝ አስገባ። እዚህ ላይ ልቤ ሞቀ። ኮረሪማ የዚሁ የደቡብ ምዕራብ ደን ልጅ ነው፤ ጥምዝም እዚያው ጥላ ሥር ይበቅላል። ኮረሪማና ቀረፋ ግማሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ቅርንፉድና እንስላል ከዚያ በግማሽ ያነሰ፣ ጥምዝ ሁለት ፍሬ ተወቅጦ ይበቃል። ቅርንፉድ የጨመረ ሰው ዶሮው የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸትበታል።

ቀይ ለማድረግ ቀይ ሥር ቀቅለን ውኃውን ሞክረን ነበር፤ እሳት ሲያገኘው ወደ ቡኒ ሄደ። ከዚያ ተውነው። ቅላቱ ለዓይን እንጂ ለምላስ አይደለም፤ ማሩ ራሱ የሚሰጠው ቀለም ይበቃል። ወይንም አላስገባንም። ቻይናዎቹ የሩዝ ወይን ይጨምራሉ፤ ግን የእህቴ ጎረቤቶች ሙስሊሞች ናቸው፣ ከሚመጡት ተማሪዎችም ብዙዎቹ።

ዶሮው ከመረቁ ወጥቶ ሲበርድ በዚህ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ፍሪጅ ካለ ሌሊቱን ይደር፤ ከሌለ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል፣ የተቀቀለ ስለሆነ ቶሎ ይመጣል።

አጠባበሱን ያስተካከሉት አኮ ናቸው፤ ይህንን ልጁም ያምናል። ፍርግርጉን ሲያዩ «ድፎ በፍርግርግ ይጋገራል እንዴ?» አሉ። ከጓሮ የኮባ ቅጠል አስቆረጡ፤ በእሳት ለብለብ አድርገው አለሰለሱት፤ ወፍራም ድስት ውስጥ አንጥፈው ዶሮውን ከላዩ ደረደሩ። ከሥር ጥቂት ፍም፣ ክዳኑ ላይ ብዙ ፍም። እሳቱ ከላይ ስለሆነ ላዩ ይደርቃል፣ ሥሩ አያርርም። ከሰሉም ከጫካ ዛፍ የከሰለ አይደለም፤ ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚቀረው ግንድ ነው፤ ፍሙ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አመድ አይሆንም።

ሃያ አምስት ደቂቃ እንዲህ ይቆያል። በዚህ መሀል የተረፈው መዘፍዘፊያ በትንሽ ድስት ይፈላል፤ ሥጋ የነካው ስለሆነ ሳይፈላ መልሶ መቀባት አይገባም። ግማሽ ያህል ሲቀር ከእሳት ይወርድና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር ይገባበታል። ማንኪያ ሲነሣ እንደ ክር ከወረደ ደርሷል። ከዚያ ክዳኑ ተነሥቶ ዶሮው ይቀባል፣ ይከደናል፤ ከአራት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይቀባል፤ ከአራት ደቂቃ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ። በሦስተኛው ላይ ፊቱ ላይ የሚታዩት አረፋዎች ትንንሽና የተጠጋጉ ይሆናሉ። አረፋው ትልልቅ ሆኖ ጠርዙ ከጠቆረ ፍሙ በዝቷል፤ ቶሎ ማንሳት ነው። ከወጣ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ሳይነካ ይቆይ፤ ቅቡ የሚጠነክረውና የሚያብለጨልጨው ሲበርድ ነው። ልጁ ይህንን ዐሥር ደቂቃ መጠበቅ አቃተው፤ እህቴ በማማሰያ እጁን መታችው።

የትኛው ማር? ሦስቱንም በተለያየ ብልት ላይ ሞከርናቸው። የገተማው ነጭ ማር ጥሩ ያብለጨልጫል፣ ግን ጣፋጭነቱ ብቻውን ይቀራል። የብሳናው መሐል ነው። የግራዋው፣ ያ መረር የሚለው፣ ከሶያ ሶሱ ጨው ጋ ሲገናኝ እኔ አሸናፊ ያልኩት ነው። ልጁ ግን ተማሪ ምሬት አይወድም ብሎ ብሳናውን መረጠ። ሻጩ እሱ ነው።

አኮ መጀመሪያ ክንፍ አነሡ፤ ትንሽ ነገር፣ ካልጣመ የማያስቆጭ። ሁላችንም ሌላ ነገር የምናይ መስለን እሳቸውን እናያለን። ክንፉን ጨረሱት። ጣታቸውን አልላሱም፤ በእንጀራ ጠረጉት። ከዚያ «ይሄ ማር የማን ነው?» አሉ። ልጁ የሰውየውን ስም ሲነግራቸው አባታቸውን እንደሚያውቁ፣ የዚያን ቤት ማር በልጅነታቸው እንደበሉ አወሩ፤ ወሬው ስለ ዶሮው መሆኑ ቀረ። ቆይተው ግን ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አድርገው አንድ ጭን ጨመሩ። «ወጥ አይደለም» አሉ፣ «ግን ምግብ ነው።»

ምሽት ላይ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እህቴ ወረቀት አውጥታ ሒሳብ ያዘች። ዶሮው፣ ከሰሉ፣ ማሩ፣ ኪራዩ። ሶያ ሶሱ ላይ ስትደርስ ቆመች። እሱ ብቻ ነው ከሩቅ የሚመጣው፤ ጨርሶ የጠፋ ዕለት ሱቁ ይዘጋል። የሚያስቀው፣ በደሌ በኩል ወርዶ አኩሪ አተር ይዘራል። እህሉ እዚህ እየበቀለ ሶሱ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ልጁ ከአኩሪ አተርና ከስንዴ እንዴት እንደሚብላላ ካምፕ ውስጥ ሲያወሩ ሰምቷል፤ ግን ወራት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ አሁን አላሰበውም።

ከሒሳቡ የከበደው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዶሮውን ማን ይረዳል? መቱ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ግቢ ይኖራሉ፣ ቡና ይጠራራሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፤ ሥጋ ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ይበላል። በሩ ላይ የክርስቲያን ብሎ ከጻፈ ግማሹ ተማሪ አልፎ ይሄዳል፤ የሙስሊም ካሰኘም እንዲሁ። ጎረቤትየው፣ ሙስሊሙ፣ ለእነሱ የሚሆነውን እሱ ሊያርድ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ረድፍ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ። ክፍሏ ጠባብ ናት ስላለ ልጁ ገና አልቆረጠም። ጾሙን ደግሞ ማንም አላነሣውም፤ ሁዳዴ ሲገባ ምን እንደሚሸጥ ስጠይቀው «እንጉዳይ» አለኝ። ቀልዱን ይሁን እውነቱን አላውቅም፤ ከዝናብ በኋላ በዚያ ደን ውስጥ እንጉዳይ መኖሩ ግን እውነት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መነኸሪያ ሸኙኝ። እህቴ ስለ ዕቁቡ ምንም አላለችም፤ ጣሪያው ግን ሌሊቱን ሁለት ቦታ አፍስሶ ነበር፣ እሷም ሁለት ባልዲ አስቀምጣ ነበር የተኛችው። ልጁ ባዶዎቹን ጠርሙሶች አጥቦ ሰጠኝ፤ አንዱ ውስጥ ከግራዋው ማር ሞልቶበታል። የአውቶቡሱ ረዳት ላይ እንጫነው ሲል እምቢ አልኩ። እስከ በደሌ በእግሮቼ መሀል ይዤው ሄድኩ፤ ያዩ ላይ መኪናው ሲንገጫገጭ ክዳኑን በእጄ እየያዝኩ።